ፒካፑን እንዴት እንሥራው? የአንድ አሮጌ ክርክር ታሪክ



የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንድ የታሪክ ጽሑፍ ስጪን» ሲሉኝ የጠበቁት የአናቶሚ ክፍሉን ሽታ፣ የካፌውን ሻይ፣ ወይም ፈተና አንድ ለሊት ሲቀረው በሻማ ያጠናነውን ይመስለኛል። እሱን ከኔ የተሻለ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ ስለ መኪና ልጽፍ ነው። ሐኪምና መኪና ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ ገጠር ተመድቦ የሠራ ሰው ጎኑ ካለ ይጠይቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ባች ከተመረቀ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ለመታሰቢያ ሐውልት ከማቆም አንድ ፒካፕ ገዝተን መንገድ እንደልብ ወደማይገኝባቸው ቀበሌዎች ለሚወጣ የሕክምና ቡድን እንስጥ ተባባልን። ገንዘብ ላይ አልተጣላንም፤ ተመስገን ነው። የተጣላነው ፒካፑ ከተገኘ በኋላ ነው። ከኋላው ምን ይሠራበት?

አጥንት ሐኪሙ ወዳጃችን «ከሠራን አይቀር አሟልተን እንሥራ» አለ። የሱ ሐሳብ ሙሉ የብረት ቤት ነው፦ ውስጡ አልጋ፣ መደርደሪያ፣ ፍሪጅ፣ የውኃ ጋን፤ ከላይ ሶላርና ፖርቶመጋላ። አሜሪካ የሚኖረውና ዕረፍቱን ሁሉ በረሃ ለበረሃ በመኪና ሲዞር የሚያሳልፈው ጓደኛችን ደግሞ «ኧረ በፈጠራችሁ! የምትጨምሩት እያንዳንዱ ኪሎ ባሌስትራው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ክፍት ይሁን፤ ዕቃው በሚነሣና በሚወርድ ሣጥን ይሂድ» ይላል። የሕፃናት ሐኪሟ ደግሞ ሁለቱንም ትቃወማለች፦ «ፒካፕ መግዛታችን ራሱ ስህተት ነው፤ ሽፍን ላንድክሩዘር ይሻል ነበር።» ሦስት እራት በላን፣ ሦስቴ ተኳረፍን።

እኔ ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አይደለም። ይሄ ክርክር ከኛ በፊት፣ ከኛ በባሰ ጭንቀት ውስጥ፣ በሰዎች ሕይወት ተይዞ የተካሄደ መሆኑን አንብቤ ስለነበር ነው። እስቲ ከዚያ ልጀምር።

በስድስት ሳምንት የተሠሩ መኪኖች

ራልፍ ባግኖልድ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ግብፅ ተመድቦ ሲሠራ፣ ዕረፍቱን ከጓደኞቹ ጋር በፎርድ መኪና የሊቢያን በረሃ በመዞር ያሳልፍ ነበር። ያን ጊዜ የአሸዋ ኮረብታውን በመኪና መሻገር የማይሞከር ነገር ተደርጎ ይታሰብ ነበር። እሱና ጓደኞቹ ግን በራሳቸው ገንዘብ፣ እየተጣበቁና እየቆፈሩ ተማሩት። የጎማ ንፋስ ቀንሶ አሸዋ ላይ መንሳፈፍን፣ ከአሸዋ ለመውጣት ጎማ ሥር የብረት ንጣፍ ማስገባትን፣ በፀሐይ ጥላ አቅጣጫ መያዝን ከዚያው ነው ያዳበሩት። ባግኖልድ በኋላ ንፋስ አሸዋን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ በ1941 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም ድረስ የመስኩ መሠረት ነው።

ጣልያን በሰኔ 1940 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ፣ ቀደም ሲል ውድቅ የተደረገው የባግኖልድ ሐሳብ የመካከለኛው ምሥራቅ አዛዥ ጄኔራል ዌቭል ፊት ቀረበ፦ በረሃውን አቋርጦ ከጠላት ጀርባ የሚቃኝ ትንሽ ጦር። ዌቭል ፈቀደ፤ ለዝግጅት የተሰጠው ስድስት ሳምንት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ኒውዚላንዳውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ገበሬዎች፣ ማሽን የለመደ እጅ ያላቸው። መኪኖቹ ደግሞ ከነጋዴና ከግብፅ ጦር የተሰባሰቡ፣ በኋላ እግራቸው ብቻ የሚነዱ ተራ የሼቭሮሌት ጭነት መኪኖች።

ጋራዡ ውስጥ መጀመሪያ የተሠራው ሥራ ልብ በሉልኝ፤ መቀነስ ነው። በሩ ወጣ፣ የፊት መስታወቱ ወጣ፣ የጋቢናው ጣሪያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው መጨመር የተጀመረው፤ የተጨመረውም የግድ የሆነው ብቻ ነው። ባሌስትራው ተጠናከረ። ራዲያተሩ ላይ ቱቦ ተቀጥሎ ከጎን ወደ ታሰረ ቆርቆሮ ገባ፤ ውኃው ሲፈላ እንፋሎቱ አየር ላይ በኖ በመጥፋት ፋንታ ቆርቆሮው ውስጥ ወዳለው ውኃ ይገባል፤ ሞተሩ ሲበርድ ያው ውኃ ተስቦ ይመለሳል። በረሃ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማዳን ማለት አንድ ሰው ማዳን ነውና፣ ይህች ቱቦ ከመድፍ ትበልጥ ነበር። ቡድኖቹ በዚህ ዓይነት መኪና ነዳጃቸውን፣ ውኃቸውንና ስንቃቸውን ተሸክመው ከሺህ ማይል በላይ ይጓዙ ነበር።

የኛን እራት የሚመስለው ክርክር የመጣው በ1941 ነው። ሼቭሮሌቶቹ ሲያረጁ አራቱም ጎማ የሚነዳ ፎርድ ተሰጣቸው። በወረቀት ላይ ማን ይጠላዋል? ጉልበቱ ይበልጣል፣ አሸዋም ይይዛል። ግን ከባድ ነው፤ ነዳጅ ደግሞ በእጅጉ ይበላል። ከነዳጅ ማደያ መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚሄድ መኪና፣ ተጨማሪ ነዳጅ ማለት ተጨማሪ ጭነት ነው፤ ተጨማሪ ጭነት ደግሞ መልሶ ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። እኛ ሐኪሞች ይሄንን ዓይነት አዙሪት እናውቀዋለን፤ ለመድኃኒቱ ጉዳት ሌላ መድኃኒት፣ ለሱም ሌላ። በ1942 ቡድኑ ወደ አዲስ ሼቭሮሌት ተመለሰ፤ አሁንም በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳ፣ ቀለል ያለ።

ከዚያ ዘመን የሐኪሙ ታሪክ አይረሳኝም። በመስከረም 1942 ቡድኑ ባርቼ የተባለውን የጣልያን አውሮፕላን ማረፊያ ከመታ በኋላ፣ ሲመለስ በአየር ተደብድቦ አብዛኛውን መኪና አጣ። የተራፉት ጥቂት ናቸው፤ በእግሩ የሄደ ነበር። የቡድኑ ሐኪም ካፒቴን ሎውሰን ግን ቁስለኞቹን በተረፈው መኪና ጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ አውሮፕላን ሊያነሣቸው ወደሚችልበት ማረፊያ አደረሳቸው። ያ መኪና አልጋ አልነበረውም፤ ፍሪጅም አልነበረውም። ባዶና ክፍት ስለነበር ሰው ማስተኛት ይቻል ነበር፤ ቀላል ስለነበር ደግሞ ደረሰ።

ግመል ደጋ ሲወጣ

አጥንት ሐኪሙ ይሄን ስነግረው ሳቀ። «እሱ በረሃ ነው፤ የኛ አገር ገደልና ጭቃ ነው» አለ። እውነት አለው። ለዚህ ሲባል ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ፤ ሩቅም አይደለም፤ ጊዜው ያው፣ አዛዡም ያው ዌቭል ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ ወደ አገራቸው ገቡ። የዊንጌት ጦርና አርበኞች ጎጃምን አቋርጠው እንዲዘልቁ ጭነቱን የተሸከመው በዋናነት ግመል ነበር። መኪናም ተሞክሯል፤ በዚያ ቁጥቋጦና ገደል ግን መኪናው ሰው ከሚጎትት ይልቅ ሰው መኪናውን የሚገፋበት ጊዜ ይበዛ ነበር። ግመሉ የበረሃ ንጉሥ ነው፤ ደጋ ሲወጣ ግን ዳገቱ፣ ብርዱ፣ የማያውቀው ግጦሽ ፈጀው። ወደ 15 ሺህ ገደማ ግመል ተሰማርቶ፣ አዲስ አበባ የደረሱት መቶ እንኳ እንደማይሞሉ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ድሉ ተገኘ። የግመሉ ነገር ግን ትምህርት ሆኖ ቀረ፦ አንድ ቦታ ላይ የተዋጣለት ነገር ሌላ ቦታ ላይ ሬሳ ይሆናል።

ስለዚህ ለአጥንት ሐኪሙ ግማሹን እሰጠዋለሁ። የባግኖልድን መኪና ገልብጠን ጎጃም ወይም ባሌ ብንወስደው ሞኝነት ነው። በኛ ጭቃ አራቱም ጎማ መንዳት አለበት፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ከባግኖልድ የሚወሰደው የመኪናው ዓይነት ሳይሆን ጥያቄው ነው፤ «ምን እንጨምር?» ከማለት በፊት «ምን ብንተው ይሄዳል?» ማለት።

ኪስ ውስጥ የገባ ጭነት

ይህን ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ የመለሱት ወታደሮች አይደሉም፤ የኛው ሙያ ሰዎች ናቸው።

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና የሳኒቴሪያን ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ እየወጡ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ሕክምናው ወደ ሕዝቡ ይሂድ የሚለው ሐሳብ እዚህ አገር ሥር የያዘው ያኔ ነው። ከዚያ በጥር 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሰው በፈንጣጣ መታመሙ ተመዘገበ። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መኪና ከሚገባበት መንገድ ከአንድ ቀን በላይ የእግር ጉዞ ርቆ ነበር የሚኖረው። ስለዚህ መኪናው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በበቅሎ፣ ከዚያ በእግር ነው።

ዘመቻውን ያዳነው መኪና አይደለም፤ ጭነቱን ማቅለል ነው። ክትባቱ በደረቅ መልክ የተዘጋጀ ስለነበር በ37 ዲግሪ ሙቀት እንኳ አንድ ወር ይቆያል፤ በረዶ ተሸክሞ መሄድ ቀረ። መርፌዋ ደግሞ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀች ትንሽ ሹካ ነች፤ በሹካዋ መሐል ተይዛ የምትቀር አንዲት ጠብታ ትበቃለች፤ ከቀድሞው መጠን በሩብ ይከተባል፤ ማንም ሰው በአጭር ጊዜ ይማራታል። አንድ ከታቢ የሺዎችን መድኅን በትከሻ ቦርሳ ይዞ ገደል ይወርድ ነበር። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በምትባል መንደር የአገራችን የመጨረሻ የፈንጣጣ ሕመምተኛ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ የለም።

ይሄን ታሪክ ፋርማኮሎጂ ስንማር ሰምተነዋል። ስለ መኪና መሆኑን ግን ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሳጥኑ

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ እስካሁን ለባቹ ሙሉ በሙሉ አልተናገርኩትም።

እንደተመረቅሁ በተመደብኩበት ሆስፒታል አንድ ፒካፕ አምቡላንስ ነበረን። በጎ አሳቢዎች ከኋላው የብረት ቤት አሠርተውበታል። ያማረ ነበር፤ መደርደሪያ፣ ቁም ሣጥን፣ ወንበር፣ ሁሉም ከሻንሲው ጋር የተበየደ። ሹፌሩን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ ያንን ቤት አይወዱትም ነበር። «ኋላው ይጎትተኛል» ይሉ ነበር። ወጣት ዶክተር ነኝ፤ የሹፌር ማጉረምረም አድርጌ ነበር የማየው።

በነሐሴ አንድ ማታ ምጥ የጠናባት እናት መጣች። ማህፀኗ ሊቀደድ ነው፤ እኛ ጋ ደም የለም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል አብሬያት ወጣሁ። መንገዱ አጋማሽ ላይ መረሬ አፈር አለ፤ ክረምት ሲሆን ሙጫ ነው። የኋላ ጎማው ገባ፤ የቀኙ ባሌስትራ «ጧ!» ሲል ሰማን፤ መኪናው በኋላው ተቀመጠ። ፊቱ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። የሚወርደውን ሁሉ አወረድን፤ ግን ዋናው ክብደት ቤቱ ነው፤ ቤቱ ደግሞ አይወርድም፤ ተበይዷል። የአካባቢው ገበሬዎች በባትሪና በፋኖስ መጡ፤ እንጨት ቆርጠው ጎማው ሥር አስገቡ፤ ገፉ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ቃሬዛ ሠርተው በትከሻቸው ተሸከሟትና መኪና ወደሚገኝበት ጥርጊያ መንገድ ድረስ ሄድን። እኔ ግሉኮሱን ከፍ አድርጌ ይዤ ከጎኗ እሮጣለሁ።

እናትየዋ ተረፈች። ማህፀኗ ወጣ። ልጁ አልተረፈም።

ጋሼ ሲነጋ ጭቃቸውን እየጠረጉ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «ዶክተርዬ፣ መኪናው አይደለም እኮ የተጣበቀው፤ ሳጥኑ ነው።»

ያንን ሳጥን ያሠሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልክ እንደ አጥንት ሐኪሙ ወዳጄ፣ ልክ እንደ ሁላችን፣ በሽተኛው ሁሉ ነገር ተሟልቶለት እንዲሄድ የፈለጉ ናቸው። ስህተታቸው መኪናውን ቆሞ ሳለ ማሰባቸው ነው። ቆሞ ሲታይ የሞላው ያምራል፤ ሲሄድ ግን ሌላ ነው።

ታዲያ ምን ወሰንን?

አራተኛው እራት ላይ ይሄን ሁሉ ተናገርኩ። ከዚያ ወረቀት አወጣሁና እንደ መድኃኒት መጠን አሰላነው። የመኪናው የመሸከም አቅም ከነሰው ወደ አንድ ቶን ገደማ ነው። በያጁ የገመቱት የብረት ቤት 350 ኪሎ፤ መቶ ሊትር ውኃ መቶ ኪሎ፤ በሁለት ጀሪካን 40 ሊትር ናፍጣ ወደ 34 ኪሎ፤ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ባትሪና መደርደሪያ 150፤ ተጨማሪ ጎማ፣ ክሪክና መፍቻ 80፤ ደብል ጋቢናው ውስጥ አምስት ሰው 325። ድምሩ 1,039 ኪሎ። ገና አንድ በሽተኛ አልጫንንም። አጥንት ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ ደመረው፤ ከዚያ «ኦቨርዶዝ ነው» አለ።

ታዲያ ጉዳዩ በኔ አሸናፊነት አላለቀም። ዝም ብላ ስታዳምጥ የነበረችው የሕፃናት ሐኪሟ ተናገረች፦ «የባግኖልድ ወታደሮች ጎረምሶች ናቸው። ክፍት መኪና ላይ ፀሐይ ቢመታቸው፣ ሰው ቢያያቸው ግድ የላቸውም። እኛ የምንጭናት ምጥ ላይ ያለች ሴት ነች። አቧራው እላይዋ ላይ እየበነነ፣ መንደሩ ሁሉ እያያት ነው የምትሄደው?» አፌን ይዤ ቀረሁ። ስለ ክብደት ሳሰላ ክብሯን ረስቼዋለሁ። በዚያ ማታ ቃሬዛ ላይ ሳለች፣ ከሕመሙ ሁሉ መሐል ነጠላዋን እየፈለገች ፊቷን ለመሸፈን ስትሞክር እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ስለዚህ እንዲህ ሆነ። የብረት ቤቱ ቀረ። በቀጭን የብረት ቱቦ ላይ የተወጠረ ወፍራም ሸራ፣ ከውስጥ መጋረጃ ያለው፣ ሁለት ሰው በመፍቻ ፈትቶ ሊያወርደው የሚችል ሆኖ ይሠራል። ክትባቱ በፍሪጅ ፋንታ በቀዝቃዛ ሳጥን ይሄዳል። መሣሪያው አንድ ሰው ብቻውን በሚያነሣቸው ሣጥኖች ተከፋፍሏል፤ መኪናው በቆመበት ላይ አህያም ትከሻም እንዲሸከማቸው። ቃሬዛው ከወለሉ ጋር አይበየድም። ባሌስትራው ይጠናከራል፤ አንድ መለዋወጫ ቅጠልም አብሮ ይጓዛል። ለፖርቶመጋላው ግን አጥንት ሐኪሙ አሁንም አልተሸነፈም፤ «ቢያንስ ስኮርታ ጎማው ላይ ይውጣ» ይላል። ክብደት ላይኛው ላይ ሲሆን መኪና ጠመዝማዛ ላይ ያዘነብላል ብንለውም ፊርማውን አላኖረም። ይሁን፤ የተለየ ሐሳቡ በቃለ ጉባኤው ተይዟል።

የመጨረሻውን ቃል ግን ከኛ ማንም አልተናገረም። ሥራው ከማለቁ በፊት መኪናውን የሚነዱት ሹፌር ጋራዥ መጥተው እንዲያዩት አደረግን። ከሥሩ ገብተው አዩ፣ ሸራውን ነቀነቁት፣ ቃሬዛው ላይ ራሳቸው ተኝተው ሞከሩት። ከዚያ የሣጥኖቹ ማሰሪያ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲዛወር ጠየቁ፤ መንገድ ዳር ሲቆም በቀኝ በኩል ብዙ ጊዜ ገደል ስለሆነ፣ ሰው ቆሞ የሚፈታበት ቦታ አያገኝም። ሦስት ስፔሻሊስት፣ አራት እራት፣ ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ማሰሪያው ተዛወረ።

በመገናኛችን ቀን ፒካፑ ግቢው ውስጥ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሸራውን ክፈቱት፣ ከሥሩም ግቡ። የጎደለ ካያችሁ ንገሩን፤ እንድንጨምር ስትነግሩን ግን ምን እንደሚወርድለት አብራችሁ ንገሩን።

በደህና ያገናኘን።